ላይደን፦ ባሕር የታደጋት ከተማ

የኔዘርላንድሷ ላይደን ከጥፋት የዳነችው በጎርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1574 የስፔን ጦር ዙሪያዋን ከቦ እህል እንዳይገባ ዘጋባት። ረኃቡና ወረርሽኙ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ፈጀ። በስፔን አገዛዝ ላይ የተነሣው አመፅ መሪ የኦራንዡ ዊሌም ወገን በመጨረሻ ከባድ ውሳኔ ወሰነ፤ ውኃውን የሚያግዱት ግድቦች ተናዱ፣ የገበሬው ማሳም ተጥለቀለቀ። የአመፀኞቹ አድሚራል የቧሶ ጀልባዎች ቀድሞ ከብት በሚግጥበት መስክ ላይ እየቀዘፉ ተጠጉ። ይሁንና ውኃው በቂ አልነበረም፤ ነፋሱ አቅጣጫ ቀይሮ ባሕሩን ወደ ውስጥ እስኪገፋው ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ። ኦክቶበር 3 ቀን ስፔናውያኑ ሸሽተው፣ ሄሪንግ ዓሣና ነጭ ዳቦ የጫኑ ጀልባዎች ገቡ።

ዛሬም በየዓመቱ በዚያው ዕለት ነዋሪው በጥንቱ የሚዛን ቤት ተሰልፎ ሄሪንግና ነጭ ዳቦ ይቀበላል። ካሮት፣ ሽንኩርትና ድንች ተቀቅሎ አብሮ የሚደቆስበት ሁትስፖትም ከገበታ አይጠፋም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1575፣ የአገሪቱ አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ተከፈተ። በ1590 የተመሠረተው የዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት መናፈሻ እስካሁን ለጎብኚ ክፍት ነው፤ የዕፅዋት ተመራማሪው ክሉዚየስ የተከላቸው ቱሊፖች በ1594 ያበቡት በዚያ ነበር። ሠዓሊው ሬምብራንትም በ1606 የተወለደው በላይደን ነው።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ግን ከሁሉ የሚቀርበው የሌላ ሰው ስም ነው። ጀርመናዊው ምሁር ኢዮብ ሉዶልፍ በወጣትነቱ ላይደን ተምሯል፤ ኋላም ከኢትዮጵያዊው ካህን ከአባ ጎርጎርዮስ ባገኘው ዕውቀት ተመርኩዞ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳትሟል።