የቪዲዮ ጨዋታ ጠመንጃዎችና የተዘነጋው ጥይት

በአዲስ አበባ በሳሊተ ምሕረት ሰፈር ልጆች ገንዘብ እየከፈሉ የሚጫወቱባቸው የፕሌይ ስቴሽን ቤቶች አሉ። በነዚህ ቤቶች የሚበዛው እግር ኳስ ቢሆንም የጦርነት ጨዋታም አይጠፋም። ይህን ስንመለከት አንድ ጥያቄ ተነሣብን፤ ይኸውም ጨዋታው ስለ ጥንቱ ጠመንጃ የሚያሳየው ለታሪክ ተማሪ ምን ያህል ይታመናል? የሚል ነው።

አስቀድመን የሚመሰገነውን እንናገራለን። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ባትልፊልድ 1» ማርቲኒ ሄንሪን ያሳያል፤ በ2017 ደግሞ ለቤል ተጨምሮበታል። ማርቲኒ አንድ ጥይት ብቻ እንደሚጎርስ፣ ለቤል ግን ብዙ ጥይት እንደሚይዝ ተጫዋቹ በእጁ ይማራል።

ነገር ግን ጥይት ባለቀ ጊዜ ጓደኛው የሚጥልለት አንድ ሣጥን ለማናቸውም ጠመንጃ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ የገባችበት «ሲቪላይዜሽን 5» ደግሞ «መሀል ሰፋሪ» የተባለ ጠመንጃ ያዥ ጦር አለው፤ ብርታቱም ከዋናው ከተማ በራቀ መጠን ይቀንሳል። እውነተኛው መሀል ሰፋሪ ግን በጥቅምት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል ካደረገው ሠራዊት ጋር ነበረ።

በእኛ አገር የጠመንጃ ታሪክ የጥይት ታሪክ ነው። ሕዝባችን «ውጅግራ» የሚለው፣ በፈረንሳይኛ «ፉዚል ግራ» የተባለው የ1874 ሥሪት ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው። የለቤል 8፣ የኢጣሊያው ቬተርሊ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። እነዚህ ባንድ ሠራዊት ሲገናኙ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ጥይት ከመወደዱ የተነሣ በገበያ እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 እንግሊዝና ፈረንሳይ የመሣሪያ ሽያጭ በከለከሉ ጊዜም፣ ኢጣሊያን ለመመከት ለተነሣው ዘማች ጥይት ማግኘት ታላቅ ችግር ሆኖበታል።

ስለዚህ ጨዋታ ሠሪዎቹ የጠመንጃውን መልክና ድምፅ አሳዩ እንጂ ጭንቁን አላሳዩም ብለን እንፈርዳለን። ጨዋታ ለመዝናኛ የተሠራ ስለ ሆነ እንደ ነውር አንቆጥረውም። ሆኖም ጥይት እንደ ልብ በሚገኝበት ጦርነት ያደገ ልጅ፣ አባቶቹ እያንዳንዷን ጥይት ለምን ይቆጥቡ እንደ ነበር አይገባውም፤ የድሉም ዋጋ ይቀልበታል። ወደፊት ስለ አድዋ ጨዋታ የሚሠራ ወገናችን ቢነሣ፣ ከጠመንጃው አስቀድሞ ዝናሩን ይቁጠር እንላለን።