«አጠባ» የሚለው ቃል ትርጉምና አመጣጥ



በጅጅጋ፥ በቀብሪ በያሕ ወይም በአውበሬ የተመደበ የመንግሥት ሠራተኛ ባለጉዳዩን «እናትህ ማን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ፥ አንዲት ስም ብቻ መጻፍ የሚበቃ ይመስለዋል። በዚያ አገር ግን ከወለደችው ሌላ ያጠባችውም እናት ትባላለች። ስለዚህ የቃሉን ትርጉምና አመጣጥ መመርመር ከሥራዎ የራቀ አይደለም።

የአማርኛው «ጠባ» ከግእዙ «ጠበወ» ጋር አንድ ነው፤ በግእዝ «ጥብ» ጡት ማለት ነው። ልጁ ይጠባል፤ በቃሉ ራስ ላይ «አ» ስትጨመር ሥራው ወደ እናቲቱ ይዞራል፤ አጠባች ይባላል። ሶማልኛ ይህንኑ ለውጥ በቃሉ መጨረሻ ያደርገዋል፤ «ኑግ» ጥባ ማለት ሲሆን «ኑጂ» አጥባ ማለት ነው። ቃሉ ለሰውም ለግመልም ያገለግላል። ግመል ግልገሏ ካልቀረባት ወተቷን በቀላሉ አትለቅምና፥ አርብቶ አደሩ መጀመሪያ ግልገሉን ያጠባል፥ ቀጥሎም ያልባል።

በጅጅጋ መስጊዶች የሚነበበው ዐረብኛም ከግእዝ ጋር ይዛመዳል። ግእዝ «ሐፀነ» ሲል ዐረብኛ «ሐደነ» ይላል፤ ሁለቱም አቅፎ ማሳደግን ያመለክታሉ። «ሕፃን» የምንለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ነቢዩ መሐመድን በልጅነታቸው ያሳደገቻቸው ሐበሻዊት በረካ፥ በኋላም ኡሙ አይመን የተባለችው፥ በዚሁ ቃል «ሓዲና» ተብላ ትታወቃለች።

ማጥባትን ራሱን ግን ዐረብኛ «ረዳዕ» ይለዋል፤ ይህም ቃል ሕግ ሆኗል። ሶማሌዎች በሚከተሉት በሻፊዒ ሥርዓት መሠረት፥ አንድ ሕፃን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከአንዲት ሴት አምስት ጊዜ ከጠባ ልጇ ይሆናል። ውርስ አያገኝም፤ ነገር ግን ከልጆቿ ጋር መጋባት አይችልም። ቢጋቡና ነገሩ ቢታወቅ፥ ልጆች ወልደው እንኳ ቢሆን መለያየት ግድ ነው። በመካከለኛውና በሰሜኑ አገራችንም በቀድሞ ዘመን ጡት በመጥባት ምልክት ሰው ለሌላው «የጡት ልጅ» ይሆን ነበር።

በ1987 ዓ. ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፥ ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ፈቅዷል። እንግዲህ ክቡር አንባቢ፥ በዚያ አገር የቤተሰብ ነገር ቢቀርብልዎ «ማን ወለደችህ?» ካሉ በኋላ «ማንስ አጠባችህ?» ብለው ይጠይቁ። ይህች አጭር ጥያቄ ከተዘነጋች፥ የቆመ ቤት ሊፈርስ ይችላልና።