«የእግዚአብሔር ልጅ» የሚለው ቃል በቀደምት አይሁዶች ጆሮ



በሰፈር፣ በሥራ ቦታና በግቢ ከክርስቲያን ጓደኞቻችን ጋር ስለ ነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ) ስንነጋገር ክርክሩ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ላይ ይቆማል፦ «የእግዚአብሔር ልጅ»። አንዱ «መጽሐፉ ብሎታል» ይላል፤ ሌላው ተውሒድን ያነሳል፤ ከዚያ ድምፅ ይጨምራል፣ ዕውቀት ይቀንሳል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መነሳት ያለበት የታሪክ ጥያቄ አለ። ቃሉ መጀመሪያ የተነገራቸው ሰዎች ምን ብለው ይረዱት ነበር?

ዒሳ (ዐ.ሰ) የተላኩት ወደ በኒ ኢስራኢል ነው። አድማጮቻቸው በዘዳግም 6፥4 ላይ ያለውን፣ የአምላክን አንድነት የሚያውጀውን «ሸማዕ» ጠዋትና ማታ የሚደግሙ አይሁዶች ነበሩ። በማርቆስ 12፥29 መሠረት እርሳቸውም ከትእዛዛት ሁሉ የሚበልጠውን ሲጠየቁ የጀመሩት በዚሁ ቃል ነው።

እነዚህ ሰዎች «ልጅ» የሚለውን ቃል ከመጽሐፋቸው ያውቁታል። በዘጸአት 4፥22 የእስራኤል ሕዝብ በሙሉ የአምላክ የበኩር ልጅ ተብሏል። በ2ኛ ሳሙኤል 7፥14 ደግሞ ከዳዊት ዘር የሚነግሠው ሰው ልጅ ተብሎ፣ ቢበድል እንደሚቀጣ እዚያው ተጽፏል። የሚበድልና የሚቀጣ ልጅ ፍጡር እንጂ አምላክ አይደለም። ስለዚህ ቃሉ መመረጥንና መወደድን ያመለክት ነበር።

«መሲሕ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ትርጉሙ «የተቀባ» ሲሆን፣ በኢሳይያስ 45፥1 የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ እንኳ በዚህ ስም ተጠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ጥቅልሎች አንዱም ሁለት መሲሖችን ይጠብቃል፤ አንዱ ከሃሩን ወገን ካህን፣ ሌላው ከእስራኤል መሪ።

ታዲያ ለውጡ መቼ መጣ? ከ70 በኋላ ቤተ መቅደሱ ፈርሶ፣ እምነቱም በግሪክኛ ተናጋሪው ዓለም እየተስፋፋ ሲሄድ «ልጅ» የሚለው ቃል በፍልስፍና ቋንቋ መተንተን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ጳጳሳት ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ሲሉ የተጠቀሙበት «ሆሞኡሲዮስ» የሚለው የግሪክኛ ቃል በባይብል ውስጥ የለም። በዚህም ምክንያት ከጉባኤው በኋላ ጳጳሳቱ ራሳቸው ለአሥርት ዓመታት ተጨቃጭቀዋል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። «ባይብል የተመረጠው በኒቅያ ነው» እየተባለ የሚዞረው ወሬ ስሕተት ነው፤ ጉባኤው የመጻሕፍትን ዝርዝር አልወሰነም። በዒሳ አምላክነት ማመንም በዚያ ቀን አልተፈጠረም፤ ከዚያ በፊት የነበሩ ብዙ ክርስቲያኖች ያምኑበት ነበር። በ180 አካባቢ የሊዮኑ ኢሬኔዎስ የጠቀሳቸው፣ የሙሳን ሕግ የሚጠብቁት ኢብዮናውያን ዒሳን ሰው ቢሉም፣ ያለ አባት መወለዳቸውን ስለማይቀበሉ «ሙስሊሞች ነበሩ» ማለት አንችልም።

ክርስቲያን ጓደኛችንም ጠንካራ መልስ አለው። ሙሉው መጽሐፍ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ በክብር ዙፋን ተቀምጦ ስለሚፈርድና ስለሚሰገድለት «የሰው ልጅ» ይናገራል። «አይሁዶችም ሰማያዊ መሲሕ ይጠብቁ ነበር» ቢለን እውነት አለው። ሆኖም እዚያም ቢሆን የሚመርጠውና በዙፋኑ ላይ የሚያስቀምጠው «የመናፍስት ጌታ» ነው። ሹመትን የሰጠና የተቀበለ አሉ፤ በባሕርይ አንድ ናቸው የሚል ግን የለም።

ስለዚህ ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ኒቅያ ያጸደቀው ትርጉም በኢየሩሳሌም አድማጮች ዘንድ ነበር ወይስ በኋላ በሌላ ቋንቋ የመጣ ነው? ይህን መጽሐፉን ገልጠን፣ በሰከነ አንደበት እንጠይቅ። ቁርኣን በሱረቱል ዐንከቡት 46 አህሉል ኪታብን በመልካሙ መንገድ እንጂ እንዳንከራከር ያዘናል። ያልተረጋገጠ ወሬ ይዞ ማሸነፍ መልካሙ መንገድ አይደለም፤ ጎረቤትን ማዋረድም እንዲሁ። ክርክሩ ቢያልቅም ጉርብትናው ይቀጥላል።

ወሏሁ አዕለም።