የደም ግፊት መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳትና ጥንቃቄው

ከፍተኛ የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ይቆያል፤ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ግን ቶሎ ይሰማል። በዚህ ምክንያት ከሕመሙ ይልቅ ኪኒኑ የጎዳቸው የሚመስላቸው ታካሚዎች መድኃኒቱን በራሳቸው ፈቃድ ያቋርጣሉ። ግፊቱ በዝምታ ተመልሶ ይነሣል፤ ለስትሮክ፣ ለልብና ለኩላሊት ሕመምም ይዳርጋል።

በስፋት ከሚታዘዙት አንዱ የሆነው ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደረቅ ሳል ያስከትላል። በቀበናና በእንጦጦ ግርጌ እንዲህ ያለው ሳል የብርድ ነው ተብሎ በቀላሉ ሊታለፍ ይችላል፤ ዝንጅብልና ማር ግን አያቆሙትም። ሐኪም መድኃኒቱን በሌላ ሲቀይረው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ግን ቀጣዩን ኪኒን ሳይወስዱ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ኢናላፕሪል ፅንስን ስለሚጎዳ ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሳትዘገይ ለሐኪሟ መንገር አለባት።

አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ስለሚያበዛ ጠዋት መውሰዱ ይመረጣል። የእንጦጦን ዳገት ሸክም ይዞ የሚወጣ ሰውም ሆነ በፀሐይ የሚያርስ ገበሬ ላብ ሲጨመርበት የሰውነቱ ፈሳሽ ሊያንስና ሊያዞረው ይችላል፤ ከተቀመጡበት ቀስ ብሎ መነሣት ይረዳል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከበረታ ጤና ጣቢያ ማማከር ይገባል።

ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ ከግፊት መድኃኒት ጋር ሲወሰዱም ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ጿሚ ታካሚ ደግሞ የኪኒኑን ሰዓት ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ይኖርበታል።