ሰዓትና ውል፦ የሠራተኛ ማኅበራት ያለፉበት መንገድ

ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤልና ከዓለም ከተማ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የሚወጡ ልጆቻችን በዝተዋል። በማኅበራችን ስብሰባም አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። «ውል ፈርሚ ሲሏት ምን ትበል? ማታም ሥሪ ሲሏትስ?» ይህን ጥያቄ የጠየቅነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ስለዚህ በአገራችን የሥራ ሕግ በተለወጠ ቁጥር የሠራተኛ ማኅበራት ምን እንዳሉና ምን እንዳገኙ በዚህ እትም ልናወጋችሁ ወደድን።

በእኛ አገር ሰዓት የሚቆጥር ሳይኖርም ውል ነበረ። ወንፈል የገባ ሰው ቀኑን በቀን ይመልሳል። ባና የምታሠራ እናት ሱፉን ፈትላ ከሸማኔው ጋር ዋጋውን በቃል ትጨርሳለች፤ ቃሉን ያፈረሰውን ጎረቤት ይታዘበዋል። በ1950ዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ የሱፍ ፋብሪካ ሲቋቋም ግን ያው የብርድ ልብስ ሥራ በፈረቃ የሚሠራ ሆነ። እዚያ የሚታዘብ ጎረቤት የለም።

የሠራተኛ ማኅበር በሕግ የታወቀው በዚያው ዘመን ነው። በ1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) ተመሠረተ። የቀን ሥራ 8 ሰዓት፣ የሳምንቱ 48 እንዲሆን የተደነገገውም በዚያን ጊዜ ገደማ ነበር፤ ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተነካም። ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 2 ቀን 1966 ኢሠአማ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ከጥያቄዎቹ መካከል ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወሰንና የሠራተኛ ሕጉ እንዲሻሻል የሚሉ ነበሩበት። መንግሥት ጥያቄዎቹን ተቀበልሁ አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ራሱ ወደቀ። ደርግ ደግሞ ኢሠአማን አፍርሶ በ1969 መላ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርን ተከለ። ያ ማኅበር ለሠራተኛው የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ምርት ጨምር የሚል ነበር፤ እንደኛ አስተያየት የማኅበር ምክር ሊባል አይችልም።

አሁን ወዳለው ሕግ እንምጣ። የ1996ቱን የሠራተኛ አዋጅ (ቁጥር 377) ለመለወጥ ረቂቅ ሲዘጋጅ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በ2010 ረቂቁ እንዲህ ከጸደቀ አድማ እንመታለን አለ። ረቂቁ ተመልሶ ድርድር ተደረገበትና በ2011 አዋጅ ቁጥር 1156 ሆኖ ወጣ። የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀውም በዚያው ዓመት ነው። ልጆቻችን የገቡት ሕጉም ፓርኩም አዲስ በሆነበት ሰዓት ነበር ማለት ነው።

ድርድሩ ምን አስገኘ? የወሊድ ፈቃድ ከ90 ቀን ወደ 120 አደገ፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ ነው። ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም ሆነ ትርፍ ሰዓት ማስገባት እንደ ድሮው ክልክል ነው። የቀን ትርፍ ሰዓት ክፍያ ከአንድ ከሩብ ወደ አንድ ተኩል ከፍ ብሏል።

የሄደውንም እንቁጠረው። በድሮው ሕግ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ2፣ በወር ከ20፣ በዓመት ከ100 ሰዓት አያልፍም ነበር። ዛሬ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ይፈቀዳል፤ በአራት ሳምንት 48 ይደርሳል። የሙከራ ጊዜም ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን ሆኗል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠራ ልጅ ይህ አሥር ሳምንት ነው። በሙከራ ላይ ያለችን ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል።

የዓመት ፈቃዱ ነገር ያታልላል። መነሻው ከ14 የሥራ ቀን ወደ 16 ሲወጣ ሁላችንም ተጨመረ አልን። ግን ድሮ በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨመር የነበረው አሁን በየሁለት ዓመቱ ሆኗል። አምስት ዓመት ያገለገለች በሁለቱም ስሌት 18 ቀን ታገኛለች፤ በስድስተኛው ዓመት ግን በድሮው 19፣ በአዲሱ 18። አሥራ አንድ ዓመት የቆየች 24 ታገኝ የነበረው 21 ሆነባት። ረቂቅ ሲመጣ መነሻውን ብቻ ሳይሆን አጨማመሩንም ማስላት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለልጆቻችን የምንላቸውም ከዚሁ ሕግ የወጣ ነው። የጽሑፍ ውል ካልተሰጠሽ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጥሽ ይገባል፤ ጠይቂ። በጽሑፍ ያልሰፈረ የሙከራ ጊዜ የለም። ከአደጋና ከመሰል አስቸኳይ ምክንያት በቀር በትርፍ ሰዓት አትገደጂም። አሥር ሠራተኛ ካላችሁ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ።

ይህ ሁሉ ግን ሰው ቤት የገባችውን አያገኛትም። አዋጁ የቤት ሠራተኛን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰን ብሎ ትቶታል፤ ቀድሞ የነበረው አዋጅ ቁጥር 377ም እንዲሁ ብሎ ነበር። ለእርሷ የቀሯት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያሉት ጥቂት አንቀጾች ናቸው። በ2003 የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ቤት ሠራተኞች ለብቻው ስምምነት አውጥቷል፤ የዕረፍት ቀኗንና የሥራ ሰዓቷን ከሌላው ሠራተኛ እኩል ያያል።

እስከዚያው በማኅበራችን የጀመርነው ነገር አለ። ልጅ በደላላ ስትሄድ የወር ደመወዟ፣ የምታርፍበት ቀን፣ የአሠሪዋ ስምና ሰፈር በወረቀት ይጻፋል። ሦስት ሰው ይፈርምበታል። አንዱ ቅጂ ለእርሷ፣ አንዱ ለእናቷ ይሰጣል፤ ሦስተኛው በማኅበሩ ሣጥን ይቀመጣል።