የሸማኔው ጉድጓድና የጉዳት ካሳ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከምትገኘው ከኮሶዬ አንሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል እስከ ሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚዘልቀው ደጋ ብርዱ የበረታ በመሆኑ፣ ነዋሪው ከቆላ ተጭኖ የሚመጣለትን ጥጥና ከበጎቹ የሚሸልተውን ፀጉር እየፈተለና እያሸመነ ሲለብስ ኖሯል። ፈትሉ የሴቶች፣ ሽመናው በአብዛኛው የወንዶች ሥራ ሲሆን፣ በጎንደርና በዙሪያዋ ከታወቁት ሸማኔዎች መካከል ቤተ እስራኤላውያንና ሙስሊሞች ይገኙበታል፤ እነዚህ ወገኖች አገር የሚለብሰውን እየሠሩ በሙያቸው መናቃቸው ከበደል ሁሉ የከፋ በደል ነበር።

ሸማኔው በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ውስጥ አውርዶ መርገጫውን እያፈራረቀ፣ መወርወሪያውን በድሩ መካከል ወዲያና ወዲህ እያሳለፈ ማጉን ሲያጠብቅ ይውላል። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ በመሥራቱ ወገቡ ይታመማል፤ የጉድጓዱ ቅዝቃዜ ጉልበቱን ይይዘዋል፤ ጥጥ በደጋን ሲነደፍ የሚቦነው ብናኝም የነዳፊዋን ደረት ያውካል። ሸማኔው ሲታመም ገቢው ስለሚቋረጥ ቤቱን የሚደጉሙት ዘመድና ጎረቤት ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ በመድን ድርጅቶች መዝገብ በብር የሚሰላው የጉዳት ወጪ ያን ጊዜም ነበረ፣ የሚሸከመው ግን ተጎጂው ራሱ ነበር።

ከጣሊያን በተከፈለ የጦር ካሳ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ከሽመናው ከፊሉ ከጉድጓድ ወጥቶ ወደ ሞተር ተሸጋገረ፤ ሠራተኛውም ደመወዝተኛ ሆነ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራ ውልን ደንግጎ ስለነበር ለጉዳቱ ተጠያቂ የሚሆን አሠሪ ተገኘ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884 በሕግ ያጸናችው፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይካስ የሚለው መርሕ በኢትዮጵያም ሥር ሰደደ። ሥራ ላይ ባለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከደመወዙ ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለሚከተሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ጉዳቱ የሚባለው በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋ ብቻ ሳይሆን የሙያ በሽታ፣ ማለትም ከሥራው ጠባይ ወይም ከአካባቢው የሚመጣ ሕመም ጭምር ነው።

ይህን ካሳ የመክፈል ግዴታ ወደ መድን ድርጅት የሚያዛውር ልብስ አምራች አረቦን፣ ማለትም የዋስትና ክፍያ ይከፍላል። አረቦኑ ብዙውን ጊዜ በዓመታዊ የደመወዝ ድምርና በሥራው የአደጋ መጠን ስለሚተመን፣ ጨርቅ ቆራጩ፣ በመርፌ የምትሰፋው ሠራተኛና የቢሮ ጸሐፊው እኩል ሥጋት የለባቸውም። የመድን ድርጅቶች በ1967 ዓ.ም. ተወርሰው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻውን ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. የግል ኩባንያዎች ስለተፈቀዱ አምራቹ ዋጋ የሚያወዳድርበት ገበያ ተፈጠረ። ሆኖም አረቦንን ወጪ ብቻ አድርጎ የሚያይ አምራች ተሳስቷል፤ መከላከያ ያልተገጠመለት መኪናም ሆነ ያልተጠረገ ብናኝ መልሶ የሚያስከፍለው እርሱኑ ነው።

አዋጁ ግን በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው አያካትትም፤ ስለዚህ በደባርቅና በዳባት በየቤቱ ለራሱ የሚሸምን ሰው አሁንም እንደ አያቱ ያለ ካሳ ይኖራል። የሸማኔ ማኅበራትና የመድን ድርጅቶች ለእነዚህ ሰዎች በጋራ አነስተኛ አረቦን የሚከፈልበት ዋስትና ሊያዘጋጁላቸው ይገባል።