ዜና ስብከት ዘዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም. ነገሡ፤ ስመ መንግሥታቸውም ቈስጠንጢኖስ ተባለ። ከመንገሣቸው በፊት የነገሥታት ልጆች በሚታሰሩበት በአምባ ግሸን ታስረው መጽሐፍ ሲማሩ ኖረዋልና ዙፋን ላይም ሆነው ከመጽሐፍ አልራቁም። መጽሐፈ ብርሃን፣ መጽሐፈ ሚላድና ጦማረ ትስብእት የእርሳቸው ድርሰት ተብለው ይታወቃሉ።

በዚያም ዘመን ሕዝቡ ተጠምቆ ሳለ ሲታመም ጠንቋይ ቤት ይሄድ፣ ደስክና ዲኖ ለሚባሉ ጣዖታትም ይሰግድ ነበር። ንጉሡም ይህን ክሕደት ነው አሉ፤ ድርሳኖቻቸው በሰንበትና በበዓላት በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበቡ አዘዙ፣ ፊደል ያልቆጠረው በጆሮው ይማር ዘንድ።

የድርሳኖቹም አነጋገር ለጆሮ የተበጀ ነው። አንዱን ትእዛዝ ደጋግሞ ያነሣል፤ የኦሪትን ቃል በወንጌል፣ የወንጌልን በሐዋርያት ይደግፋል። ተቃዋሚውን ፊት ለፊት የቆመ ያህል አንተ እያለ ይጠይቀዋል፤ መልሱን ግን ሳይጠብቅ ራሱ ይመልስለታል። በውግዘትና በበረከት መካከል ሌላ መንገድ አያሳይም። ይህም ከንጉሡ እምነት የመጣ ነው፤ ክርስትና ለእርሳቸው ሁለተኛ ጌታ የማይፈቅድ ኪዳን ነበረ።

ነገሩ በቃል ቢቀር ስብከት በተባለ ነበር። ሰው ሁሉ ግን በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በክንዶቹም ሰይጣንን መካዱን እንዲጽፍ ታወጀ። የንጉሡ ልጆች ሳይቀሩ በጣዖት አምልኮ ተወንጅለው ተቀጡ። ወሬ አቀባዩም በዛ።

በዚያው ጊዜ ከትግራይ አጋሜ የተነሡት አባ እስጢፋኖስና ደቀ መዛሙርታቸው ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው፣ ለንጉሥ አይገባም ብለው ጸኑ። አባ እስጢፋኖስ በእስር ሞቱ፤ ተከታዮቻቸውም ተገረፉ፣ ተሰደዱ። ጉንዳ ጉንዶ የማኅበራቸው ደብር ሆነ። ንጽሕናን በመሻት ቤተ ክርስቲያናቸውን ለማጥራት የተነሡትን የእንግሊዝ ፒዩሪታኖች የሚመስል ከተፈለገ፣ የሚመስሏቸው ሰባኪው ንጉሥ ሳይሆኑ እነዚህ መነኮሳት ናቸው።

በስብከት ኃይል ግን ንጉሡንም ከእነርሱ ወገን ጋር ማነጻጸር ይቻላል። የፒዩሪታኖቹ ወራሽ ሰባኪው ዮናታን ኤድዋርድስ በ1741 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኤንፊልድ ሲሰብክ ኃጢአተኛውን በእሳት ላይ እንደ ተንጠለጠለ ሸረሪት ሣለው፤ ጉባኤውም በዋይታ ተናወጠ። ሰው በራሱ አይድንም የሚለው ትምህርት በሸረሪቷ ታየ። ኤድዋርድስ ግን ቃሉን በግድ የሚያስፈጽምለት ወታደር አልነበረውም። የዘርዐ ያዕቆብን ድርሳን ከሰማው ሕዝብ ምን ያህሉ አምኖ፣ ምን ያህሉ ፈርቶ እንደ ታዘዘ መለየት ያስቸግራል።

ንጉሡ በ1460 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ዐረፉ። በአባታቸው በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰው፣ እርሳቸውም እንዲነበብ ያጸኑት የእመቤታችን ተአምራት መጽሐፍ፣ ተአምረ ማርያም፣ ዛሬም በአዲስ አበባ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ የካ ሚካኤል ይነበባል፤ ምእመኑም ቆሞ ይሰማል።